እርማት፦ «ኮመን ሴንስ» (የጋራ ማስተዋል) የብዙኃን ድምፅ አይደለም

«የኮመን ሴንስ ፍልስፍና ብዙ ሰው ያመነበት ሁሉ እውነት ነው ይላል» ብለው ጽፈዋል። የቆየ ስሕተት ነው፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትም እ.ኤ.አ. በ1783 ከዚህ ብዙ ያልራቀ ትችት ሰንዝሯል፤ ብቻዎን አይደሉም።

የዚህ ፍልስፍና ዋና አራማጅ የሆነው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው ጉዳይ ሌላ ነው። ማንኛውም ክርክር ከመጀመሩ በፊት የምንቀበላቸው ነገሮች አሉ፦ የምናየውና የምንዳስሰው ነገር በእርግጥ እንዳለ፣ ትዝታችን በጥቅሉ እንደሚታመን፣ ሌላውም ሰው እንደኛው አእምሮ እንዳለው። ተጠራጣሪው ፈላስፋም ቢሆን ከግድግዳ ጋር ላለመላተም ዞር ብሎ ያልፋል። ለእኔ ጠንካራው ነጥቡ ግን ይህ ነው፦ ዓይንንም ማመዛዘንንም የሠራቸው አንድ እጅ ከሆነ፣ አንዱን አምኖ ሌላውን መጠርጠር ምን የሚሉት አድልዎ ነው?

«ፀሐይ ምድርን ትዞራለች» የሚለው የጥንት እምነት እዚህ አይገባም። እሱ ካዩት ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ነበር፤ የታረመውም በዚያው በዓይን ምስክርነት ነው። በሥነ ምግባርም ሪድ መነሻ ያደረገው ልማድን ሳይሆን፣ ለምሳሌ ሰው ሊያስቀረው ባልቻለው ነገር ሊወቀስ እንደማይገባ ነው።

እርግጥ ሪድ የሰዎችን ስምምነት እንደ አንድ ምልክት ይቆጥረዋል። ምልክት መሆኑና የእውነቱ ምክንያት መሆኑ ግን ለየቅል ናቸው፤ ካንትም የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።