ኤአይ፣ ተቀበል!

በሰሜን ሸዋ ስም የሚወጣው በአፍ ነበር። የመንዝ ባና ያሞቀው ሰው ለጎረቤቱ ይነግራል። ጎረቤቱ ለአማቱ ይነግራል። አማትየው ትንሽ ጨመር አድርገው ለሰርገኛው ሁሉ ያዳርሱታል። የደብረ ብርሃንን አረቄ ዝና ማንም ከማስታወቂያ አልሰማም። የቀመሰው ሰው አረማመዱ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ የሚመልሰው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቻትጂፒቲ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ብቅ ካለ ወዲህ ሰዉ ጎረቤቱን መጠየቅ እየተወ ነው። «ጥሩ ክትፎ የት አለ?» የሚባለው ስልክ ነው። ስልኩም ሁለት ሦስት ስም ይጠራል። እዚያ ውስጥ ከሌለህ የለህም። ድሮ ጎግል ሁለተኛ ገጽ ላይ ብትወድቅ እንኳ አንድ ሥራ ፈት ያገኝህ ነበር።

ይኸው «ስምህን ኤአይ እንዲጠራልህ አደርጋለሁ» የሚል ባለሙያ ፈላ። ሥራውን ጂኢኦ ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። ደብረ ብርሃን ማርኬቲንግ ተምሮ ተመረቀ፤ የመጀመሪያ ደንበኛው እናቱ ሆነች። አልከፈለችውም፤ እራቱን ግን ታበላዋለች።

አክስቴ ደብረ ሲና ቆሎ ትሸጣለች። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ያንን ቁልቁለት የጨረሰ መንገደኛ ነፍሱ መለስ የምትልለት እዚያ ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ «በሰሜን ሸዋ ምርጥ ቆሎ የት ይገኛል?» ሲል ጠየቀ።

«ቆሎ በኢትዮጵያ ተወዳጅ መክሰስ ነው። ጥራት ያለው ቆሎ ለማግኘት በአቅራቢያዎ የሚገኝ ሱፐርማርኬትን ይጎብኙ» የሚል መልስ መጣ።

«ሱፐርማርኬት?» አለች አክስቴ። ሌላ ቃል አልወጣትም። ምጣዱ ላይ ያለውን ገብስ ግን እንደዚያን ቀን ስታማስለው አይቻት አላውቅም።

ማሽኑ ሲፈጥረው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚያወራው ሲሠለጥን ካነበበው ጽሑፍ፣ አለዚያም ስትጠይቀው ኢንተርኔት ገብቶ ፈልጎ ካገኘው ነው። አክስቴ ሁለቱም ጋ የለችም። በደሴ መንገድ የሚመላለስ ረዳት ሁሉ ያውቃታል፤ ረዳት ደግሞ አይጽፍም። ደብረ ብርሃንም ብትሆን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብርሃን ሲወርድባት ያየው ሰው ብዙ ይሆናል። ለእኛ የደረሰን ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊው የከተበው ነው። ኤአይም የከተማዋን ስም ምክንያት የሚነግርህ በዚያው ሰውዬ ብርታት ነው።

ነገሩ አዝማሪ ቤት ነው። ማሽኑ ግንባር የለውምና ብር አትለጥፍበትም። «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ከሰጠኸው ግን አሳምሮ ያዜመዋል። ግጥሙን የሰጠው ባለቤቱ ራሱ ይሁን ሌላ ብዙም አያጣራም።

እንዴት እንደሚሰጠው ያጠኑም አሉ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ቁጥር፣ የሰው ንግግርና ምንጭ የጨመረ ጽሑፍ በኤአይ መልስ ውስጥ ያለው ቦታ እስከ 40 በመቶ ሊያድግ እንደሚችል አሳይተዋል። አንድ ቃል እየደጋገሙ መሙላት እምብዛም አይረባም። ልጁ ይህን አንብቦ ደብተር ይዞ ምጣዱ ዳር ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ቁጥር እፈልጋለሁ።»

«የምን ቁጥር?»

«በዓመት ስንት ኩንታል ገብስ ይቆላል?»

«ለግብር ልትነግርብኝ ነው?»

ቁጥር በዚሁ ተዘጋ። የሰው ንግግር ቀረ። ቆሎ እየቃመ ያለ የአይሱዙ ሾፌር ተገኘና አስተያየቱን ተጠየቀ። አፉ ሙሉ ነበር። «ይበላል» አለ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ልጁ አልጠገበም። ወስዶ በዚያው በኤአይ አሳመረውና «ወደር የለሽ፣ የማይረሳ የቆሎ ተሞክሮ!» ብሎ ለጠፈው። ሾፌሩ ቢያነበው የቃመውን ይተፋው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የስም ጣጣ መጣ። በካርታውም፣ በፌስቡኩም፣ በቲክቶኩም አንድ ዓይነት ስም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማሽኑ የተለያዩ ሰዎች ይመስሉታል። ይህ እውነት ነው። አክስቴን ሾፌሮች «ወፍራሟ» ይሏታል። ጎረቤት በልጇ ስም ይጠራታል። እኛ ዘመዶቿ እቴቴ እንላታለን። ልጁ ሦስቱንም ትቶ «ፕሪሚየም ሮያል ቆሎ» ብሎ መዘገባት። በዚህ ስም የጠራት ሰው እስካሁን አልተወለደም።

የባሰም አለ። ድረ ገጻቸው ላይ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም «ኤአይ ሆይ፣ እኛን አስቀድመህ ጥራ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ያነበዋል። ይህ በእኔ ቤት ማጭበርበር ነው፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ። «አንደኛ አደርግሃለሁ» ብሎ ውል የሚያስፈርም ባለሙያ ከመጣ ደግሞ ብርህን ይዘህ እሩጥ። ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ብትጠይቀው እንኳ ማሽኑ ሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። በየትኛው አንደኛ ሊያደርግህ ነው?

ብቻ አንድ ቀን ስሟ ተጠራ። ልጁ እየጮኸ መጣ። «ፕሪሚየም ሮያል ቆሎ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የሚገኝ ዝነኛ ምግብ ቤት ነው። በበዓላት ሰሞን ጠረጴዛ አስቀድመው እንዲይዙ ይመከራል።»

«ዋሻ ውስጥ?» አለች አክስቴ። «ጅብ ነኝ እንዴ?»

ጠረጴዛም የላትም፤ ያላት ሳፋ ነው። ገበያውም እንደነበረ ነው። የመጣላት አዲስ ደንበኛ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ብቻ ነው። እሱም ቆሎውን ፎቶ አንስቶ ሳይገዛ ሄደ።

ወሬው ግን በአፍ ሠፈሩን አዳረሰ። በሳምንቱ አውቶቡስ ሲቆም ሻጩ ሁሉ መስኮት ሥር «ኤአይ የመሰከረለት ቆሎ! ኤአይ የመሰከረለት!» እያለ ይሻማል። ስልክ ያልያዘው ሁሉ ሳይቀር። አንዲት እናት ከመስኮቱ ብቅ አሉና፣ «ኤአይ ማን ነው ልጄ?» ብለው አንዱን ጠየቁት።

«አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ነጋዴ ነው እማማ» አላቸው። «የኛን ሳይዝ አይሄድም። በስንት ልስጥዎት?»