የተረኞች ዝርዝር የተለጠፈበት በር

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ሲነገር አንድ ወዳጄ ደውሎ «ያ ነገር ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለኝ። ያ ነገር የሚለው ኮሮናን ነው። ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም እንዳሉ ስሰማ አዘንኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ፦ በዚህ ሳምንት በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች ቦርዶች ተሰብስበው ይሆን?

ሰው እየታመመ ስለ ስብሰባ ማሰብ የቢሮ ሰው አመል ሊመስል ይችላል። ምክንያት አለኝ። ኮሮና አገራችን ሲገባ በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ ነበርኩ።

ሆስፒታል ቦርድ እንዳለው የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። ነገሩ የመጣው በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ጋር ነው። ሆስፒታሎች ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉት ሲፈቀድ፣ ይህን የውስጥ ገቢ ማን ይጠብቀው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። ቦርዱ የዚያ መልስ ነው። የእኛን የሚመሩት የወረዳው አስተዳዳሪ ነበሩ። ከፋይናንስ፣ ከሴቶች ጉዳይ፣ ከሠራተኛው የተወከሉ ሰዎች አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነው። እኔን ማን መረጠኝ? እውነቱን ለመናገር ሕዝብ አይደለም። አስተዳዳሪው ስለሚያውቁኝ ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እኛ ስምንት ነበርን። «ግማሻችን እንሰብሰብ፣ ግማሻችን እናረፍድ» ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ከቀልዱ በኋላ ግን አራታችንም አልተሰበሰብንም። በስልክ መነጋገር ይቻል ነበር፤ ማንም አልደወለም፤ እኔም ጭምር። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባዶ ነው።

በዚያው ጊዜ የወረዳው የኮሮና ግብረ ኃይል በየቀኑ ይቀመጥ ነበር። መቀመጡ ትክክል ነው፤ ወረርሽኝ ቀጠሮ አያከብርም። ግን ግብረ ኃይሉ የሚጠይቀው ስለ ማስክ፣ ስለ አውቶቡስ፣ ለይቶ ማቆያ ስለሚሆን ትምህርት ቤት ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ከኮሮና ውጭ ስላለው ሥራ የሚጠይቅ አልነበረም። ሊጠይቁ የሚገባቸው የቦርድ ሰብሳቢ ደግሞ የግብረ ኃይሉም ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ትእዛዝ የሰጠ ሰው ከሰዓት በኋላ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለራሴ ጉዳይ ሆስፒታሉ ሄጄ በሜትሮኗ፣ ማለትም በነርሶች ኃላፊዋ፣ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈውን የተረኞች ዝርዝር አየሁ። በእጅ የተሰመረ ወረቀት ነው፤ ጎን ለጎን ቀንና ሌሊት ተጽፎበታል። የማዋለጃ ክፍሉ ረድፍ ላይ አራት ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ በእያንዳንዱ አጠገብ «ኮቪድ» ተብሎ ተጽፏል። ለለይቶ ማከሚያው ተወስደዋል ማለት ነው። ሌሊት ሁለት አዋላጅ ያድርበት የነበረው ክፍል አንዲት ብቻ ቀርታለታለች። ወረቀቱን ሳነብ ያየችኝ አዋላጅ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ሁለት እናቶች እኩል ምጥ ቢይዛቸው አንዷን ቆይ ጠብቂኝ ልላት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቦርድ ውስጥ መሆኔን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ከላይ ሆኖ ሲታይ ባለሙያን አንድ ቦታ ማሰባሰብ ልክ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ሲለይ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ሲደረደርበት፣ ማንም አስተዋይ ሰው አይቃወምም። ጥያቄው ባለሙያው የተነሳበት ቦታ ምን ሆነ የሚለው ነው። ለደም ግፊት ክትትል የምትመጣ እናት ፈርታ ቀረች፤ ያልፈራችውም ስትመጣ ክፍሉ ዝግ ሆኖ አገኘችው። ይህን የሚቆጥር ሰው አልነበረንም። የኮሮና ቁጥር በየዕለቱ በቴሌቪዥን ሲነበብ፣ የእኛ ሆስፒታል ስንት ሰው ሳያክም እንደመለሰ የትም አልተጻፈም።

ባለሙያ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ሐኪሞችና ነርሶች በየከተማው ነበሩ። የሚሰማው መልስ «መደብ የለም፣ በጀት የለም» ነው። ቦርድ በራሱ ሥልጣን መደብ አይከፍትም፤ ግን ወረዳውንም ዞኑንም በቁጥር ሊያፋጥጥ ይችል ነበር። የሌሊት ተረኛ ከሁለት ወደ አንድ መውረዱን በደብዳቤ መጻፍ ምን ይከብዳል? እኛ አልጻፍንም። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ መዘግየትም እንደዚሁ ነው፤ የሠራተኛው ተወካይ ከዚያ በፊት ባነሳው ቁጥር «ወደፊት ይታያል» እየተባለ ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ አቁመው ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማጥቅም ሲጮኹ የተገረመ ሰው ካለ፣ ያንን መዝገብ አላነበበም።

«በአደጋ ጊዜ ፈጣን ውሳኔ እንጂ ስብሰባ አያስፈልግም» የሚሉኝ አሉ። እስማማለሁ፤ ቦርዱ ከውሳኔው በፊት ይምጣ አላልኩም። በማግስቱ ይምጣ። ግብረ ኃይሉ አራት አዋላጅ በአንድ ቀን ይውሰድ፤ በሳምንቱ ግን አንድ ሰው «ማዋለጃው እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቅ። የወረርሽኝ ጊዜ የቦርድ ስብሰባ በየሳምንቱ፣ በስልክ ቢሆን በስልክ፣ አራት ሰው ከተገኘም በአራት ሰው እንዲካሄድ በመመሪያ ይጻፍ። የግብረ ኃይል ሰብሳቢ የቦርድ ሰብሳቢነቱን ለጊዜው ለሌላ አባል ይልቀቅ። ሦስተኛው ከሁሉም ርካሽ ነው፦ ያ የሜትሮኗ በር ላይ ያለ ወረቀት ካርድ መቁረጫው መስኮት ላይ ይለጠፍ። ስም አያስፈልገውም። «ዛሬ ሌሊት፤ ማዋለጃ፦ አዋላጅ 1። ድንገተኛ፦ ሐኪም 1፣ ነርስ 2።» ይኸው ነው። ልጁን አዝሎ የመጣ ገበሬ ይህን ማንበብ አያቅተውም፤ ካቃተውም የሚያነብለት አያጣም። የወረዳው ምክር ቤት አባልም ከዚያች ወረቀት በላይ ሪፖርት አያስፈልገውም።

ነሐሴ ላይ ቦርዱ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ወንበር አራርቆ ተሰበሰበ። የማዋለጃውን ጉዳይ አነሳሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ሥራ አስኪያጁ «የተቸገርንበት ጊዜ አልነበረም» አለ። የሚያዝያን የተረኞች ዝርዝር አምጡልኝ አልኩ። ሜትሮኗ ተጠርተው መጡ፤ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«የሚያዝያን? ወር ባለቀ ቁጥር ቀደን እንጥለዋለን እኮ» አሉ።