ትኬቱን ይዘን ተጫዋች አንስደብ

ወገኖቼ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ቤቲንግ ቤት የምትውሉ ወንድሞቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቻሉኝ። ትኬቱ ሲቃጠልብን «ጨዋታውን ሸጦት ነው!» እያልን ተጫዋቹን ከነእናቱ እናወርድበታለን። እሺ፣ እሱ ሸጠ እንበል። የገዛውስ ማነው?

የጂም ዴቭሊንን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል ገና ሙያ መሆን ሲጀምር የሉዊቪል ግሬይስ የሚባል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 የቡድኑን ጨዋታ ሁሉ፣ አንዲት ኢኒንግ (የጨዋታው አንድ ዙር) ሳትቀር፣ ብቻውን ወረወረ። ዛሬ ያንን ሥራ ስንት ሰው ተካፍሎት ነው ክንዴን አመመኝ የሚባለው! ነሐሴ ላይ ሉዊቪል አንደኛ ነበር። ከዚያ ምን እንደነካው ሳይታወቅ በላይ በላዩ ይሸነፍ ጀመር፣ ሻምፒዮን የሆነው ቦስተን ነው። በኋላ የተጫዋቾቹ ቴሌግራም ሲመረመር ጉዱ ወጣ። ኒውዮርክ ካለ ቁማርተኛ ጋር ይላላኩ ነበር፤ መልእክቱ ውስጥ «መቀነት» የሚል ቃል ካለ ያ ጨዋታ ተሽጧል ማለት ነው። ዴቭሊንን ጨምሮ አራት ተጫዋቾች እስከ ዕድሜ ልካቸው ታገዱ።

ጥፋተኛ ነው፣ ራሱም አምኗል። ግን ያ ቁማርተኛ ገንዘቡን ከየት አመጣው? ያኔም እንደኛው በየጨዋታው የሚወራረድ ሕዝብ ነበር። ውርርድ ባይኖር ዴቭሊን ቢሸነፍ ማን ምን ያተርፋል? እኛ የምናስይዘው ሃምሳና መቶ ብርም ተጠራቅሞ ነው አንዱን ድሃ ተጫዋች የሚያማልለው።

ዴቭሊን በ1878 ለቦስተኑ አሰልጣኝ ለሃሪ ራይት ደብዳቤ ጻፈ። እኔም ሚስቴም ልጄም የምንለብሰው የለንም፣ ሜዳ መጠበቅም ቢሆን ሥራ ስጠኝ ነው የሚለው። የዚያን ዘመን ቤዝቦል ተጫዋች የነበረው አልበርት ስፖልዲንግ እንደተረከው ደግሞ ቺካጎ ድረስ ሄዶ የሊጉ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃልበርት እግር ስር ተንበርክኮ አለቀሰ። ሃልበርት ሃምሳ ዶላር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፣ እገዳውን ግን አላነሳለትም። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል። ፊላዴልፊያ ፖሊስ ሆኖ ሲሠራ ቆየና በ1883 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር።

እባካችሁ፣ የፊታችን ቅዳሜ ትኬት አትቁረጡ። አይሆንልኝም የሚል ካለ እንኳ፣ ሲቃጠልበት የዚያን ልጅ እናት አይስደብ።