ጫጩት ሲታደል ማደሪያውስ?

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት የምግብ ምርት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የታደለ ጫጩት ብዛት የወረዳ ሪፖርት ማድመቂያ ሆኗል። ጫጩቶቹ አድገው የት እንደሚያድሩ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም።

ተራ ጥያቄ አይደለም። ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ገጠር ላይ ባወጡት ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት ሻል ብለው ተገኝተዋል፤ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት በሚያድሩበት ጊዜ ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ይላል። በእንቁላሉ የተገኘው በኩሱ ይሄዳል እንደማለት ነው።

ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ዶሮዋን ግን አያማትም። ሰው ሆድ ሲገባ ተቅማጥ ያመጣል። በሐረማያ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ከገጠር ሕፃናት ሰገራ ውስጥ በብዛት አግኝተውታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተቅማጥ የሌለበት ጉዳት ነው። ከአፈር፣ ከእጅና ከዕቃ ጋር ቆሻሻ በየቀኑ በሚገባበት ትንሹ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚመጥባቸው ጣት መሰል ቅርጾች እያጠሩና እየተደፈጠጡ ይሄዳሉ። እናት «ልጄ ደህና ይበላል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፤ የበላው ግን ሰውነቱ አይገባም።

በደጋው የገጠር ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ፣ ጥጃው ጥግ ላይ፣ መሬቱ አቧራ እንዳይነሣ በእበት ተለቅልቆ። ሕፃኑ እዚያው ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል። እናቱ በረት ጠርጋ፣ ኩበት ጠፍጥፋ ስትመለስ ከሩቅ በተቀዳ ውኃ እጇን ለቅለቅ አድርጋ ታጎርሰዋለች።

ገበሬው ዶሮና ጥጃ ቤት የሚያስገባው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ውጭ ሸለምጥማጥ አለ፣ ጅብ አለ፣ ሌባም አለ። እኔም ብሆን አስገባለሁ። ስለዚህ «እንስሳትን ከቤት አውጡ» የሚል ትምህርት ብቻውን የትም አይደርስም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በንጽሕና በኩል ለዓመታት በዋናነት ያተኮረው በመጸዳጃ ቤት ላይ ነው፤ ማለትም በሰው ሰገራ ላይ። በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በዚምባብዌ የተካሄዱ ትልልቅ ሙከራዎች ግን መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ የልጆችን ቁመት እንዳልጨመሩ አሳይተዋል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የእንስሳቱ ኩስና እበት ሳይነካ መቅረቱ ነው፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ።

ዶሮዎቹን በአጥር መከለል ብቻም መፍትሔ አይሆንም። በፔሩ ድሃ ሰፈር ዶሮዎች ግቢ ውስጥ በተከለሉላቸው ቤቶች የካምፒሎባክተር ተቅማጥ ብሶ እንጂ ቀንሶ አልተገኘም። የሚያስፈልገው ከመኖሪያው ራቅ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍና ኩሱ በየጊዜው እየተጠረገ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ የሚገባበት ቤት ነው። ለዚህ ቆርቆሮ፣ ሽቦና ቁልፍ ከጫጩቱ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው በጣም ያጠሩ ነበሩ፤ መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስቆም ነው። ጫጩቱን የሚቆጥረው ግብርና፣ የቀነጨረውን ልጅ የሚመዘግበው ጤና ነው። የሚሄዱት ግን ወደ አንድ ቤት ነው፤ የቆርቆሮውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ክልሎች የዘንድሮው ዕደላ ሳያልቅ ይወስኑ።