የበርጩማው ሦስት እግር የማንም አይደለም

የጅማ ወገኖቼ ሆይ፣ ለሱቅና ለቡና መጋዘን የሒሳብ ሶፍትዌር እየሠራችሁ የምትሸጡ ወጣቶች፣ እናንተም «የፕሮግራሜን ገጽታ ሰረቁኝ» እያላችሁ ለክስ የምትሯሯጡ ቀደምቶቻቸው፣ የተወሰደው ምን እንደሆነ ሳትለዩ መካሰሳችሁን ተዉ።

የከተማችንን በርጩማ ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር አድርጎ መፈልፈል የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ጠራቢው ሁሉ ይሠራዋል፤ የጎረቤቱን ምልክት ቀርጾበት በጎረቤቱ ስም የሚሸጥ ግን ገበያተኛውን ያታልላል።

የሶፍትዌርም ነገር እንዲሁ ነው። አፕል ማይክሮሶፍትን «ዊንዶውስ የተባለው ፕሮግራምህ የኮምፒውተሬን የማኪንቶሽን የስክሪን ገጽታ ቀዳ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲከስ 189 ነጥቦችን ዘርዝሮ ነበር። የአሜሪካው ፍርድ ቤት ከእነዚህ 179ኙ አፕል ራሱ አስቀድሞ በሰጠው የፈቃድ ውል እንደተሸፈኑ፣ ከቀሩት 10 ነጥቦችም አብዛኞቹ በቅጅ መብት እንደማይጠበቁ ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ1994 አጸናው። ለነገሩ በክርክሩ መካከል አፕል ራሱ «ከእኛ ወስደሃል» ተብሎ ዜሮክስ በተባለ ሌላ ኩባንያ ተከሶ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሎተስ 1-2-3 ጉዳይ ነው፤ እርሱም እንደ እናንተ ሥራ የሒሳብ ፕሮግራም ነበርና። ቦርላንድ የተባለው ተፎካካሪ የሎተስን ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ሳይነካ 469 ትእዛዞችን የያዘውን ሜኑ (በስክሪን ላይ የሚመረጡ የትእዛዞች ዝርዝር) ከነቃላቱና ከነአደራደሩ ወሰደ፤ ሎተስን የለመደ ሠራተኛ እንደገና ከሀ ሁ እንዳይጀምር ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1995 ሜኑውን ከቪዲዮ ማጫወቻ ቁልፎች ጋር አመሳስሎ የአሠራር ዘዴ ነውና የቅጅ መብት አያገኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አራት ለአራት ስለተከፈሉ ውሳኔው ባለበት ጸና። የእኛም የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ሲጠብቅ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃው ውጭ ትቷል።

ይህን ሰምታችሁ ደስ ያላችሁ ወጣቶች ግን አትቸኩሉ። አንድ ነጋዴ ወዳጄ የገዛው ፕሮግራም ቢበላሽበት በእገዛ ገጹ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ፤ ያነሳው ሰው ፕሮግራሙን ሸጦለት የማያውቅ፣ ከእነ ስልክ ቁጥሩ የተገለበጠበት የመጀመሪያው ሠሪ ነበር። ይህ ከሰው መማር አይደለም፤ የሰው ኮድ ገልብጦ ስሙን እንኳ በወጉ ሳይፍቁ መሸጥ ነው፤ የቦርላንድም ፍርድ ለዚህ ዓይነቱ መሸሸጊያ አይሆንም።

ቀደምቶችም፣ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። የተወሰደው ኮዳችሁ ወይም ደንበኛ የሚያውቃችሁ ስምና ምልክት ከሆነ ክሰሱ። የደረሰኙ ቁልፍ ከሽያጩ ቁልፍ ቀጥሎ መቀመጡ ብቻ ከሆነ ያናደዳችሁ፣ እናንተስ «ፋይል» የሚለውን ሜኑ ከላይ ጥግ ላይ ስታስቀምጡ ማንን አስፈቅዳችሁ ነበር?