የችሎት ድሆች ይመስገኑ

በአንድ ሌሊት ሀብታም መሆን ብርቅ አይደለም። በአንድ ሌሊት ድሃ መሆን ግን ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ የተካኑት የልጅ ቀለብ የተጠየቁ አባቶች ናቸውና ዛሬ ላመስግናቸው።

ፍርድ ቤቱ የገቢ ማስረጃ ሲያዝ መኪናዋ የወንድሙ ሆናለች። ሱቁ በእህቱ ስም ዞሯል። እሱ ራሱ እዚያው ሱቅ ተላላኪ ሆኖ ተቀጥሯል። የደመወዝ ደብዳቤውን የፈረመችው እህቱ ናት፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም። ደመወዝ 4,000 ብር ይላል። በዚችው ደመወዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ክትፎ ይጋብዛል። እንዲህ ያለ የኢኮኖሚ ሊቅ ብሔራዊ ባንክ እስካሁን አለመጥራቱ ይገርመኛል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ ሲወሰን የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ይታያል ይላል። የእኛ ሰው ሕግ አክባሪ ነው። አቅሙ እንዳይታይ ቤት ትቶት ይመጣል። መኪናዋን ሁለት መንገድ አሳልፎ አቁሞ፣ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ አድርጎ፣ በእግሩ።

1,500 ብር ተፈረደበት እንበል። ሁለት ወር ይከፍልና የልጁን እናት "ፀጉሯን እየተሠራችበት ነው" ብሎ ያቆማል። የወተቱን ደረሰኝ ታምጣ ይላል። እሷ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ልትከፍት ከሥራ አስፈቅዳ ትመላለሳለች፤ እሱ ደግሞ በልጁ ልደት ፌስቡክ ላይ "የኔ ንጉሥ፣ አባትህ ይሙትልህ" ብሎ ይለጥፋል። ሊሞት የቆረጠን ሰው ደብተር ግዛ ማለት ነውር አይደለም?

ሽማግሌዎቹም አይረሱ። "ተይው፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይሏታል። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ግን ዕድል አትቀበልም፤ የባንክ ስሊፕ ነው የምትለው።

አሜሪካ ያሉት ወንድሞቻችን ያሳዝኑኛል። እዚያ ቀለብ እጃቸው ሳይገባ ከደመወዝ ይቆረጣል። ውዝፍ ከበዛ መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ይደርሳል። ለድሃ ክብር የሌለው አገር! ያም ሆኖ ካሽ የሚከፍል ቀጣሪ ፈልገው ባህላቸውን የጠበቁ አሉ፤ ይበርቱ።

የጥበቡ ጫፍ ግን ሌላ ነው። እናትየው ቀለብ ይጨመርልኝ ስትል፣ እሱ "እንግዲያው ልጁን ራሴ አሳድጋለሁ" ብሎ ይከሳል። ራሴ ማለት ክፍለ ሀገር ያሉት እናቱ ናቸው፤ እሳቸው ገና አልሰሙም። ሕጉ የልጁን ጥቅም አይቶ ይወሰን ስለሚል ዳኛዋ "ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?" ብለው ጠየቁት።

"ሦስተኛ... አይ፣ አራተኛ መሰለኝ፣ ክብርት ዳኛ" አለና ዞሮ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ። ምን ያድርግ፣ የአንድ ዓመት ቀለብ የሚያህል ብር በካሽ ቅድሚያ ተቀብሏል።