ለምክር ቤት አባላት አንድ ጥያቄ ስጧቸው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ያልተናገረ አልነበረም። ወላጅ መምህሩን ወቀሰ፣ መምህሩ ተማሪውን፣ ፖለቲከኛው ያለፈውን ሥርዓት። ያንን መምህር ያሠለጠኑት ሰዎች፣ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲዎች ያሉት ማለቴ ነው፣ ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ብሂል የሙያ መመሪያ ያደረጉት ይመስላሉ።

የሚናገሩት ጠፍቶ አይደለም። ኮተቤ መምህራን ማሠልጠን ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰበታ ላይም የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አለ። በእነዚህ ግቢዎች የሚያስተምር ሰው ዕጩ መምህሩ ለልምምድ ሲወጣ፣ በየካ አባዶ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ምን ዓይነት ክፍል እንደሚጠብቀው ከማንም በላይ ያውቃል። ይህ ዕውቀት የሚቀርበው ግን በአውደ ጥናት ነው። ሆቴል ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ አዳራሹ ይሳሳል፣ በመጨረሻም የአቋም መግለጫ ይነበባል። መግለጫው «የሚመለከታቸው አካላት» ትኩረት እንዲሰጡ ያሳስባል። በስሙ የተጠራ ሰው ስለሌለ መልስ የሚሰጥም የለም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል እጅ ላይ ያለው ሥልጣን የታወቀ ነው። ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ አንቀጹ እንዲሻሻል ማድረግ፣ በጀት ሲቀርብ መመርመር፣ ሚኒስትር ሪፖርት ይዞ ሲመጣ መጠየቅ ይችላል። «ምክር ቤቱ በአንድ ፓርቲ አባላት የተሞላ ነው፤ ከዚህ ምን ይገኛል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እጅ በሚወጣበት ሰዓት እውነታቸውን ነው። ኮሚቴ ውስጥ ግን የአንቀጽ ቃላት ይለወጣሉ፤ በአዳራሹ የሚነሳ ጥያቄም በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ስለዚህ የመምህራን አሠልጣኝ ለአንድ የምክር ቤት አባል ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር በደንብ የተሠራ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። «ሚኒስቴሩ የመምህራን ትምህርትን ጥራት ለማስጠበቅ ምን እየሠራ ነው?» የሚለው የተለመደው ጥያቄ ለተጠያቂው ስጦታ ነው። ሚኒስትር ምንም ሳይናገሩ ሩብ ሰዓት ሊናገሩበት ይችላሉ። «አንድ ዕጩ መምህር በልምምድ ላይ ሳለ አሠልጣኙ በሴሚስተር ስንት ጊዜ ክፍል ገብቶ ያየዋል? ለዚህ ጉዞ የተያዘው ገንዘብ በየትኛው የበጀት ርዕስ ሥር ነው? ካልተያዘስ ለምን?» ቢባል ግን መልሱ ወይ ቁጥር ነው፣ ወይ ቁጥር የለም የሚል ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማዘጋጀት የሚችለው ልምምዱን የሚመራው ሰው ነው፤ የምክር ቤት አባሉ ከየት ያመጣዋል? ባለ 60 ገጽ ጥናት ቢላክለት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለታል እንጂ አያነበውም። እኔም ብሆን አላነበውም።

ጊዜውም ይታሰብበት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዘጠኝ ወር ሪፖርት የሚደመጠው ከመጋቢት ማብቂያ በኋላ ነው። ጥያቄው መጋቢት ላይ ያልደረሰ ሰው ግንቦት ላይ የሚያደርገው ሪፖርቱን በቴሌቪዥን መከታተል ነው። የበጀት ጥያቄም ሰኔ ላይ ሲጠየቅ ረፍዶበታል፤ ረቂቁ ምክር ቤት የሚደርሰው አንዴ ተደልድሎ ነው። አባላቱ ለዕረፍት ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲመለሱ ደግሞ ወደ ልምምድ ትምህርት ቤት ጋብዟቸው። ያለ ባነር ይሁን፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ይከታተሉ።

ከከተማው ዳር ሲደረስ የትኛው ምክር ቤት የሚለው ራሱ ያደናግራል። ኮተቤ የሠለጠነ መምህር አያት ቢመደብ ቀጣሪው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው፤ ጉዳዩ 138 መቀመጫ ወዳለው የከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ጥቂት አልፎ ለገጣፎ ቢገባ ሸገር ከተማ ነው፤ ነገሩ የጨፌ ኦሮሚያ ይሆናል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም በአብዛኛው የክልሎች ናቸው። የኮሌጅ በጀትን ለፌዴራል ተመራጭ ማልቀስ በጨዋነት መሸኘትን ያስከትላል፤ ሰውየው እጁ አይደርስበትም።

ደመወዝን በተመለከተ፣ መምህር በደመወዙ አይኖርም ማለት ነውር አይደለም፤ በግልጽ ይነገር። ከሥልጠና ጥያቄ ጋር በአንድ ደብዳቤ ከታጨቀ ግን አንባቢው ደመወዙን ብቻ ያያል። ለእርሱ የመምህራን ማኅበር አለ።

ጥያቄው በአዳራሹ ከተነሳ በኋላ ሥራው ገና አላለቀም። የተሰጠውን መልስ ቃል በቃል ጽፎ፣ ያልተመለሰችውን ክፍል ለይቶ፣ በዚያው ሳምንት ለጠየቀው አባል መላክ ያስፈልጋል። ያቺ ክፍል የሚቀጥለው ሪፖርት ጥያቄ ትሆናለች።